«ዲስኩን ልደምስሰው?» ሲላችሁ አትደንግጡ

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ሐረጎን ወጥታ ደሴ፣ ፒያሳ ያለችው ሱቃችን መጣች። ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። የደሴን ብርድ ፈርታ መስሎኝ ነበር። «ጋሼ፣ ምንም አልነካሁትም። እንዳለ ነው ያመጣሁልህ» አለችኝ።

ከፈትኩት። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ነፃ ሲስተም) ልትጭን ጀምራ መሃል ላይ ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥያቄ «ኢሬዝ ዲስክ ኤንድ ኢንስቶል ኡቡንቱ» ይላል፤ ዲስኩን ደምስሼ ልጫን ወይ እንደማለት ነው። ላፕቶፑ ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክቷ አለ። የእህቷ የሰርግ ፎቶም አለ። ይህን ጥያቄ ስታይ ክዳኑን ከድና ሁለት ቀን ተቀመጠች።

እኔ «እሺ» የሚለውን ተጫንኩት። እሷ ዓይኗን ጨፈነች።

እንዲህ ያለ ፍርሃት ሱቅ ውስጥ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። የሚገርመው፣ ሰው የሚፈራው የማይጎዳውን ነው። የሚጎዳውን ደግሞ ዘና ብሎ ያደርገዋል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ዲስኩን ደምስስ ካልኩት ፋይሌ ሁሉ ይጠፋል»

አይጠፋም። ቨርቹዋል ማሽን በኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያለ አስመስሎ የሚያሠራ ነገር ነው። የቤቱ ባለቤት የእናንተ ዊንዶውስ ነው። የሚገባው ኡቡንቱ ደባል ነው። ደባሉ «ሃርድ ዲስክ» ብሎ የሚያየው ነገር፣ ለእናንተ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው፤ ቨርቹዋልቦክስ ላይ መጨረሻው ቪዲአይ የሚል። ደባሉ ከዚያ ፋይል ውጭ ዓለም ያለ አይመስለውም። «ልደምስስ?» የሚለው ያንን ባዶ ፋይል ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ የዲስኩን ስምና መጠን ይይ። ስሙ «ቪቦክስ ሃርድዲስክ» ይላል። መጠኑም እናንተ የሰጣችሁት ነው። 25 ጊጋ ሰጥታችሁት 26.8 ቢላችሁ አትገረሙ። አንዱ ኪሎውን በ1,024፣ ሌላው በ1,000 ስለሚቆጥር ነው እንጂ ከየትም የመጣ ትርፍ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ያንኑ ኡቡንቱ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ላፕቶፑን ራሱን በፍላሹ ካስነሳችሁት፣ ያው ጥያቄ በያው ቃል ይመጣል። ያኔ ግን የሚደመስሰው እውነተኛውን ዲስክ ነው። ጥያቄው በዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ነው የመጣው ወይስ ዊንዶውስ ሳይነሳ? እሱን ብቻ እዩ።

«ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ 64 ቢት አይቀበልም»

ይህ በጣም የተለመደ ነው። ልጁ ቨርቹዋልቦክስን ይከፍታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ የድሮውን ዓይነት፣ 32 ቢትን ብቻ ያያል። ከዚያ ያገለገለ ላፕቶፕ የሸጠለትን ሰው ይረግማል። ሻጩ ግን ምንም አላጠፋም። ኢንቴል ደባል ለማስተናገድ የሚያግዘውን ቪቲ-ኤክስ የተባለ ነገር ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማስገባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ኤኤምዲ በ2006 ተከተለ። ዛሬ ደሴ ገበያ ላይ የምታገኙት ላፕቶፕ ይህ የሌለው መሆኑ ዘበት ነው። ያለው ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን ንኩ። «ቨርቹዋላይዜሽን፦ ኢኔብልድ» ካለ ክፍት ነው። «ዲሴብልድ» ካለ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱ ወደ ባዮስ ግቡ። ኤችፒ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ነው። እዚያ ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን ከፍታችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ። አለቀ። ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ባለሙያ ካለ ሻይ ጋብዙትና ተሰናበቱት።

ተከፍቶም የሚንቀራፈፍባችሁ ካለ፣ የማሽኑ መስኮት ግርጌ ላይ አረንጓዴ ኤሊ መኖሩን ተመልከቱ። ቀልዴን አይደለም፤ ቨርቹዋልቦክስ እውነትም ኤሊ ያሳያል። ሃይፐር-ቪ የተባለው የማይክሮሶፍት የራሱ ቨርቹዋል ማሽን አሠሪ መንገዱን ቀድሞ ይዞበታል፣ ቨርቹዋልቦክስ ከኋላ እየተጎተተ ነው ማለት ነው።

«ራም በሰጠሁት ቁጥር ይፈጥናል»

አንዱ ወዳጄ 8 ጊጋ ራም ካለው ላፕቶፑ 7ቱን ለደባሉ ሰጠው። የቤቱ ባለቤት ዊንዶውስ በረንዳ ላይ አደረ። ዊንዶውስ በቀረችው 1 ጊጋ መተንፈስ ሲያቅተው ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ጀመረ፤ ደባሉም አብሮ ቆመ። ደባሉ የሚሠራው ባለቤቱ ደህና ሲሆን ብቻ ነው።

ከግማሽ በላይ አትስጡ። ኡቡንቱ 24.04 ደስ ብሎት እንዲሠራ 4 ጊጋ ራምና 25 ጊጋ ዲስክ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 8 ላለው ይበቃል። ጠቅላላው 4 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው ግን ከኡቡንቱ ጋር አይታገል። ቀለል ያለውን የኡቡንቱ ዓይነት፣ ሉቡንቱን ይሞክር፤ ወይም ዴቢያን የተባለውን ሌላ ነፃ ሲስተም ያለ ዴስክቶፕ፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራውን ይጫን። ትእዛዝ መጻፍ ለመለማመድ እንዲያውም የኋለኛው ይሻላል።

«50 ጊጋ ካልኩት ወዲያው 50 ይበላብኛል»

ቋሚ መጠን ካልመረጣችሁ በቀር አይበላም። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ይጀምርና ደባሉ እቃ ባስገባ ቁጥር ያድጋል። 50 ጣሪያው ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ውስጡ ያለውን ብታጠፉም ፋይሉ በራሱ አይቀንስም። የእናንተ ዲስክ ከሞላ ደግሞ ማሽኑ ባለበት ቀጥ ይላል።

«አይኤስኦውን ከጓደኛ መገልበጥ ያበላሸዋል»

የኡቡንቱ 24.04 አይኤስኦ፣ ማለትም የመጫኛ ፋይሉ፣ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። ይህን በሞባይል ዳታ አውርዱ አልልም። አንድ ሰው ያውርድ፣ ሌላው በፍላሽ ይገልብጥ። ሕጉም ይፈቅዳል። ብቻ ስትጨርሱ ሻ256 የሚባለውን ረጅም መለያ አውጥታችሁ ኡቡንቱ ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። አንድ ፊደል ከተለየ እንደገና ገልብጡ። መሃል ላይ «ኤረር» እያለ ከሚያስለቅሳችሁ ይሻላል።

«ውስጥ የሚጫን ዊንዶውስ ፈቃድ አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል። ለዊንዶውስ ደባሉም ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ 11 ከሆነ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ቨርቹዋልቦክስ ይህን ማስመሰል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 7.0 ከተባለው ስሪቱ ወዲህ ነው። የቆየ ቨርቹዋልቦክስ ይዛችሁ ዊንዶውስ 11 እምቢ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን አድሱ።

«ቫይረሱ ደባሉ ቤት ይቀራል»

ብዙ ጊዜ ይቀራል። ግን በሩን የምንከፍተው እኛ ነን። የጋራ ፎልደር ከፍታችሁ «መጻፍ ይችላል» ካላችሁት፣ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ የእናንተንም ፋይል ይቆልፋል። ፍላሽም እንዲሁ ነው። ግድግዳው ራሱ የተበሳበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቬኖም የተባለ ቀዳዳ ተገኘ። መነሻው ምን መሰላችሁ? ፍሎፒ ዲስክን የሚያስመስል አሮጌ ኮድ! የዛሬ ተማሪዎች በዓይናቸው ባላዩት ዕቃ በኩል ከደባሉ ቤት ወደ ባለቤቱ ቤት መውጣት ይቻል ነበር። ቀዳዳው ተደፍኗል፤ ማሻሻያ የማይጭን ሰው ግን የድሮውን ግድግዳ ይዞ ይቀራል።

«ስናፕሾት አለኝ፣ ባካፕ ምን ያደርግልኛል?»

እውነተኛው ጉዳት ያለው እዚህ ነው፤ ማንም አይፈራውም እንጂ።

ስናፕሾት ማሽኑን ያለበት ሁኔታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ብትሳሳቱ ወደዚያ ትመለሳላችሁ። በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም አዲስ ነገር ከመሞከሬ በፊት ሁሌ እወስዳለሁ። ግን ስናፕሾቱ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ፣ እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ብቻውን መቆም አይችልም። ከሥሩ ባለው ዋና ፋይል ላይ ተደግፎ ነው የሚኖረው። አንድ ልጅ ፊልም የሚጭንበት ቦታ ሲያጣ ትልቁን ፋይል ፈልጎ አጠፋው። «ስናፕሾቶቹ አሉኝ» ብሎ ነበር። አራቱም ከንቱ ሆኑ። ማሽን ማጥፋት ስትፈልጉ በቨርቹዋልቦክሱ በኩል አጥፉ፤ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ አትቆርጡ።

መብራቱም አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ስትሠሩ መብራት ድርግም ቢል፣ በአንድ ጊዜ የሚጠፉት ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው። ዊንዶውሱ ተነስቶ ደባሉ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ለሻይ ስትነሱ መስኮቱን ዝጉና «ሴቭ ዘ ማሽን ስቴት» የሚለውን ምረጡ። ያለበትን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ይተኛል፤ ስትመለሱ ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

ባካፕ የሚባለው ሌላ ዕቃ ላይ ያለ ቅጂ ነው። ማሽኑን አጥፉና ፋይል ከሚለው ውስጥ ኤክስፖርት አድርጉት፤ ኦቪኤ የሚባል አንድ ፋይል ይወጣላችኋል። ፍላሽ ላይ ስትገለብጡት «ፋይሉ በዛ» ካላችሁ ፍላሹን አትጣሉት። በፋት32 የተሠራ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥታችሁ በኤክስፋት ፎርማት አድርጉት።

«ጭኜ ጨረስኩ፣ እንደገና ጫን ይለኛል»

ተጭኗል። አይኤስኦው ከደባሉ የማስመሰያ ሲዲ ማጫወቻ ስላልወጣ ነው። አውጡትና አስነሱት።

ልጅቷ ያን ቀን ዓይኗን ስትገልጥ ኡቡንቱ ተጭኖ ነበር። የእህቷን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፍታ አየች፤ ሙሽራዋም ሚዜዎቹም በቦታቸው ናቸው። አመስግናኝ ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ማክሰኞ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ጫንኩት። ልደምስስ ሲለኝ አሁን ዓይኔን አልጨፍንም።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ። ፕሮጀክትሽን ፍላሽ ላይ ገልብጠሻል?»

ስልኩ ዝም አለ።