«አፑን አውርጃለሁ እኮ» እና ሌሎች ጆሮዬን ያሰለቹት ነገሮች

ስራዬ ክብደት ያስቸገራቸውን የአሜሪካ ወታደሮች በስልክና በኢንተርኔት መከታተል ነው። ሀበሾችም አሉበት፣ አማርኛ መቻላቸው ተቆጥሮላቸው በማቭኒ (ቋንቋ የሚችሉ የውጭ ዜጎችን ወደ ሠራዊቱ ያስገባ በነበረው ፕሮግራም) የገቡ ልጆች ጭምር። ታዲያ ሁለት ሳምንት ድምፁ የጠፋ ልጅ ጋ ደውዬ ምን ላይ ደረስክ ስለው መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «አፑን አውርጃለሁ እኮ!»

ወንድሜ፣ አፑ አያከሳም።

ኦንላይን የክብደት ፕሮግራም ሲባል ሰው አፕ ብቻ ይመስለዋል። ስራው ያለው ልማድ መቀየሩ ላይ ነው፣ የበላኸውን ትጽፋለህ፣ ቶሎ ቶሎ ትመዘናለህ፣ ለሳምንቱ አንድ ትንሽ ግብ ትይዛለህ፣ ሳምንቱ ሲበላሽ ደግሞ የት ጋ እንደተበላሸ ከሰው ጋር ቁጭ ብለህ ታያለህ። በስልክ የሚሆነው ወታደር ዛሬ ቴክሳስ ነገ ኮሪያ ስለሆነ ነው፣ በየሳምንቱ ክሊኒክ ና ቢባል ከየት ይመጣል።

ይሄን ከኪሴ አላወጣሁትም። ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ላክላንድ የጦር ሰፈር ባሉ የአየር ኃይል ሰዎች ላይ ተሞክሯል። በ2008 የወጣው ጥናት 446 ሰው ነበረበት፣ በኢንተርኔት ስልጠናና የአማካሪ አስተያየት ያገኙት በ6 ወር በአማካይ 1.3 ኪሎ ቀነሱ፣ ያላገኙት ጭራሽ 0.6 ኪሎ ጨመሩ። ቀጥሎ «ፊት ብሉ» (Fit Blue) የሚባል ጥናት መጣ፣ 248 ሰው፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ትምህርቱ ለሁሉም አንድ ነው፣ ግማሾቹን አማካሪው ራሱ እየደወለና ኢሜይል እየላከ ይከታተላቸዋል፣ ግማሾቹ በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱ ተባሉ። ከዓመት በኋላ የተደወለላቸው ወደ 2 ኪሎ ቀንሰዋል፣ ሌሎቹ እዛው የነበሩበት ናቸው ማለት ይቻላል። 2 ኪሎ ምን አላት እንዳትሉኝ፣ አማካይ ነው፣ መሀል ላይ ትቶ የጠፋውም ተደምሮበት ነው።

መጻፉ ላይ ደግሞ ስንት ሰው ይዋሻል መሰላችሁ፣ ሆን ብሎ እንኳን አይደለም። በ1992 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ «ትንሽ ነው የምበላው ግን አልቀንስም» የሚሉ ሰዎችን ይዘው ሲለኩ የበሉትን በግማሽ ያህል አሳንሰው፣ የተንቀሳቀሱትን በግማሽ ያህል አጋነው ነው የጻፉት። እኔም ማታ የሚሰራ አንድ ሳጅን ነበረኝ፣ የበላውን የሚጽፍበት ሎግ ላይ ቁርስና ምሳ ብቻ። ሌሊቱስ ስለው «እሱማ መክሰስ ነው» አለኝ፣ መክሰሱ ሁለት ኢነርጂ ድሪንክ፣ አንድ ትልቅ ቺፕስና ከማይክሮዌቭ የወጣ ቡሪቶ። ያንን መጻፍ ሲጀምር ነው ሚዛኑ የተነቃነቀው፣ ሌላ ምንም አልቀየርንም መጀመሪያ ላይ።

ስለዚህ ከመብላታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ በኋላ እጽፈዋለሁ የሚባለው አይጻፍም። ቅዳሜ ሀበሻ ቤት አምስት ሆናችሁ አንድ ትሪ ስትከቡ ማን ምን ያህል እንደበላ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ድርሻችሁን ለብቻ ሳህን ላይ አውጡ፣ ይቀየሙኛል ካላችሁ እኔን አሳቡ። ጉርሻም ይጻፋል። ተመዘኑ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ሁሌ በዛው ሚዛን፣ አንድ ቀን ከፍ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ጨውና ውሃ ነው። ሳምንቱ ከተበላሸባችሁ ደግሞ ያን ጊዜ ነው መደወል ያለባችሁ፣ ሰው ግን የሚጠፋው ልክ ያን ጊዜ ነው!

«ወታደር ነኝ፣ ጠዋት ፒቲ (የሠራዊቱ ስፖርት) አለ፣ ሮጬ አወርደዋለሁ።» 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 5 ኪሎሜትር ሮጦ የሚያቃጥለው 400 ካሎሪ አካባቢ ነው። አንድ ኤምአርኢ፣ የታሸገው የወታደር ምግብ፣ 1,250 ገደማ ነው፣ እሱም የተሰራው ሜዳ ላይ ዕቃ ተሸክሞ ለሚውል ሰው እንጂ ቢሮ ተቀምጦ ለሚከፍተው አይደለም። ሩጡ፣ ለልብም ለፈተናውም ያስፈልጋችኋል፣ ግን ሳህኑን አያሸንፍላችሁም።

«ጾም ስለሆነ እቀንሳለሁ።» አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። ሽሮው ውስጥ ስንት ማንኪያ እንደገባ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሳውና፣ ላስቲክ ለብሶ መሮጥ፣ ውሃ ማቆም፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ምናምን፦ ውሃ ነው የሚወጣው፣ ስብ አይደለም፣ በሙቀት ተመትቶ መሞትም አለ። የምድር ጦሩ የክብደት ደንብ ራሱ በወር የሚጠይቀው ከ3 እስከ 8 ፓውንድ ወይም 1 ፐርሰንት ስብ መቀነስ ነው፣ በሶስት ቀን ጨርሱ ያላችሁ የለም።

«ቴፑ (ስብ የሚገመትበት ሜትር) ጡንቻዬን ስብ እያለብኝ ነው።» አንዳንዱ እውነቱን ነው፣ ለዚህም ነው በ2023 አንገት መለካቱ ቀርቶ ሆድ ብቻ የሆነው፣ በዚያው ዓመት ኤሲኤፍቲ ላይ (እስከ 2025 የነበረው የምድር ጦሩ የአካል ብቃት ፈተና) 540 ያመጣ፣ በየፈተናው ከ80 ያላነሰ እስካለው ድረስ፣ ከስብ ልኬቱ ነፃ ሆኖ ነበር። ይሄን የሚነግረኝ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ 540 ያላመጣው ነበር።

«እርዳታ ከጠየቅኩ ፍላግ እደረጋለሁ (እድገቴና ኮርሴ ይታገዳል)።» ፍላግ የሚያስደርገው ልኬቱን መውደቅ ነው፣ መጠየቅ አይደለም። ከመለካትህ ከጥቂት ወራት በፊት ብትመጣ በእርጋታ እንሰራለን፣ ፍላግ ከሆንክ በኋላ ግን እድገትህም ኮርስህም ቆሞ፣ ኮማንደርህ በየወሩ እየጠየቀ፣ አንተም እንቅልፍ አጥተህ ነው የምንጀምረው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይርበዋል።