አውሮፕላንና «ዘላቂነት»፦ ቁጥሩ በምን ተካፍሎ ነው?

ስቶክሆልም የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ መጥታ ነበር። አጎቴ ቤት፣ ቡልቡላ፣ ቡና እየተፈላ ስለ ጉዞዋ ስናወራ «እዚያ አገር እኮ አውሮፕላን መሳፈር ያሳፍራል» አለች። ስዊድኖች ለዚህ ስሜት ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ «ፍሊግስካም»፣ የበረራ ሀፍረት እንደማለት ነው። አጎቴ ቀበል አደረገና «ልጄ፣ እኛ የቀረን መኩሪያ አየር መንገዳችን ነው። እሱንም ልታሳፍሩን ነው?» አላት። ከዚያማ ከአቦል እስከ በረካ ክርክር ሆነ።

ሁለቱም ቁጥር ይጠቅሳሉ። ሁለቱም አልዋሹም። ግን ቁጥሩ በምን እንደተካፈለ አንዳቸውም አልተናገሩም።

የአየር ትራንስፖርት ዘላቂ ነው ወይ ሲባል የሚለካው ሦስት ነገር ነው። አካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ ኢኮኖሚው ላይ የሚጨምረው፣ ሰው ላይ ደግሞ የሚያመጣው ጥቅምና ጣጣ። በዚያ ቀን የሰማኋቸውን፣ ከዚያም ወዲህ ያጋጠሙኝን የተሳሳቱ አባባሎች እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አውሮፕላን የሚለቀው 2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ምን ይጋነናል?»

ቁጥሩ ልክ ነው። የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የአቪዬሽን ድርሻ 2.5 በመቶ ገደማ ነው። ግን አውሮፕላን የሚለቀው ካርቦን ብቻ አይደለም።

ጥርት ባለ ቀን አውሮፕላን ከኋላው ነጭ መስመር ሲተው አይታችኋል። ከሞተሩ የወጣው እንፋሎት ከላይ ባለው ብርድ በጥላሸቱ ዙሪያ በረዶ ሆኖ ነው። አየሩ እርጥበት ካለው መስመሩ ቶሎ አይጠፋም፤ ተዘርግቶ ስስ ደመና ይሆናል። ይሄ ደመና ከምድር የሚወጣውን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይይዛል። ቀን ቀን የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል፤ ሌሊት ግን ማካካሻ የለውም። እነዚህ ከካርቦን ውጪ ያሉ ነገሮች ሲደመሩ የአቪዬሽን የማሞቅ ድርሻ ወደ 3.5 በመቶ ከፍ ይላል። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ያህል ከካርቦን የመጣ አይደለም።

ሌላው ጉዳይ የማካፈሉ ነገር ነው። 2.5 በመቶ የሚባለው የዓለም ሕዝብ ሁሉ የሚበር ያህል ተደርጎ ይወራል። በ2018 አውሮፕላን የተሳፈረው ከዓለም ሕዝብ 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ከመንገደኛ በረራዎች ልቀት ከግማሽ የሚበልጠውን ያመጡት ደግሞ አዘውትረው የሚበሩ 1 በመቶ ሰዎች ናቸው። ደጀን ላይ ጤፉን የሚያጭደው ገበሬ ከዚህ ሂሳብ ምንም የለበትም። የአክስቴ ልጅም ብትሆን በሁለት ዓመት አንዴ እናቷን ለማየት የምትመጣ ናት። ሀፍረቱ የተጫነው የማይገባው ሰው ላይ ይመስለኛል።

«አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ስለሚቆጥቡ ልቀቱ እየቀነሰ ነው»

ይሄ የአጎቴ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ድሪምላይነር ሲረከብ ቦሌ ሄዶ የተቀበለው ራሱ ይመስል ነው የሚያወራው። ቦይንግ አውሮፕላኑ ከቀደሙት አቻዎቹ 20 በመቶ ገደማ ነዳጅ ይቆጥባል ይላል። ይሄን አልክድም። ከ1990 እስከ 2019 ባለው ጊዜ አንድን መንገደኛ አንድ ኪሎ ሜትር ለመውሰድ የሚያስፈልገው ኃይል ከግማሽ በታች ወርዷል።

በእነዚያው ዓመታት ግን ሰው በአየር የተጓዘው ርቀት በአራት እጥፍ ገደማ አደገ። ጠቅላላ ልቀቱም እጥፍ ሆነ። ታክሲው ነዳጅ ቆጣቢ ሆኖ ምልልሱ አራት እጥፍ ሲሆን ማለት ነው። «በመንገደኛ በኪሎ ሜትር» የሚለው መለኪያ ሞተሩ ጥሩ መሆኑን ይነግራችኋል። ከባቢ አየር ግን የሚቀበለው ድምሩን ነው።

«አንድ አውሮፕላን ውስጥ ያለን ሁላችን እኩል ነን»

አይደለንም። ቢዝነስ ክላስ የተኛው ሰው የሚይዘው ቦታ ለሦስት ኢኮኖሚ መንገደኛ ይበቃል። ስለዚህ ረጅም በረራ ላይ የሱ ድርሻ ሦስት እጥፍ ገደማ ተደርጎ ይታሰባል። ከእግራችሁ ሥር ያለው ጭነትም አለ፤ ነዳጁ ለሰውና ለካርጎ እንዴት ይከፈል? ሁለት ድረ ገጾች ለአንድ በረራ የተለያየ ኪሎ ካርቦን የሚነግሯችሁ አንዱ ስለሚዋሽ አይደለም። ያካፈሉበት መንገድ ስለሚለያይ ነው።

«ቀጥታ በረራ ሁልጊዜ ይሻላል»

ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ቀጥታ ነው። ስትመለሱ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ትቆማላችሁ። ሰው «ነዳጅ ረስተው ነው እንዴ?» ይላል። ነገሩ ወዲህ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል። ስለዚህ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ጭነትና አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። ደለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው።

መቆሙ ጥፋት ነው ወይ? አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ መነሳት ነዳጅ ይበላል። በጣም ረጅም በረራ ላይ ግን አውሮፕላኑ ነዳጅ የሚያቃጥለው ነዳጅ ለመሸከም ጭምር ነው። መንገዱ ላይ ቆሞ መቅዳት እንደሚመስለው አባካኝ አይደለም። የሚያባክነው ከመንገድ ወጥቶ መዞር ነው።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አውሮፕላኑ ሞልቶ ይነሳል ማለት ነው፤ ለገቢም ለነዳጅም ጥሩ ነው። በሌላ በኩል ግን እዚያ መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች እንዲነሱ ተደርጓል። የቆጠብነውን ነዳጅ በኪሎ እንጽፈዋለን። አባትና አያት ያረሱትን መሬት ለቆ መሄድ በምን መለኪያ ይጻፋል? የካሳ ብር ተደርጎ ኢኮኖሚው ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ማህበራዊው ዓምድ ባዶውን ይቀራል። ሪፖርት ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ይህንን ነው።

«አረንጓዴ ነዳጅ መጥቷል፤ ችግሩ አልቋል»

ከተጠበሰበት ዘይትና ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራ የአውሮፕላን ነዳጅ አለ። ሲቃጠል የሚያወጣው ካርቦን ግን ከድሮው ነዳጅ ጋር ያው ነው። ልዩነቱ ካርቦኑ የመጣው ከመሬት ሥር ከወጣ ዘይት ሳይሆን ተክል ቀድሞ ከአየር ከሳበው መሆኑ ላይ ነው። ከምንጩ እስከ ጭሱ ሲሰላ እስከ 80 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። በ2024 ግን ዓለም ከተጠቀመበት የአውሮፕላን ነዳጅ ውስጥ የዚህ ድርሻ 0.3 በመቶ ገደማ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ኤርፖርቶቹ ላይ ለሚቀዳ ነዳጅ ከ2025 ጀምሮ 2 በመቶ ብሎ ግዴታ ጥሏል፤ በ2030 6፣ በ2050 ደግሞ 70 በመቶ ይሆናል። ከ2 እስከ 70 ያለው መንገድ ረጅም ነው። ዋጋውም ገና እሳት ነው።

«ጥቂት ዶላር ጨምሬ ካካካስኩ ከደሙ ንጹህ ነኝ»

ትኬት ስትቆርጡ «ዛፍ እንትከልልዎ» የሚል ሳጥን ይመጣል። ዛፉ ያለናንተ ገንዘብም ይተከል ነበር ወይ? ከሃያ ዓመት በኋላ ይኖራል ወይ? ይህን መለካት ከባድ ነው። በ2024 የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ኬኤልኤም የተባለው የሆላንድ አየር መንገድ ስለ ዘላቂ በረራ ያወጣቸው ማስታወቂያዎች አሳሳች ናቸው ሲል ወስኗል። ከነዚህ ውስጥ ዛፍ በመትከል ልቀትን ስለማካካስ የሚያወሩ ነበሩ።

ኮርሲያ የሚባለው ዓለም አቀፍ የማካካሻ ሥርዓትም ቢሆን ሁሉንም ልቀት አይነካም። የሚመለከተው ከአገር አገር የሚደረግ በረራን ነው፤ እሱንም ከ2019 ልቀት 85 በመቶ በላይ ያለውን ብቻ።

«አገሮች በቆጠሯቸው ልቀቶች ውስጥ ተካትቷል»

የአገር ውስጥ በረራ አዎ። ዓለም አቀፉ ግን የለም። በ1997 የኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት ላይ ሲደረስ የዓለም አቀፍ በረራ ልቀት ሞንትሪያል ላለው ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ተተወ። አገሮች ለብቻው ይመዘግቡታል፤ ድምራቸው ውስጥ ግን አይገባም። የማን ይባልስ? ናይጄሪያዊው ነጋዴ ከሌጎስ ተነስቶ፣ ቦሌ ትራንዚት አድርጎ ጓንግዡ ይገባል። ነዳጁ የተቀዳው አዲስ አበባ ነው። ሰውየው ከኤርፖርቱ እንኳ አልወጣም።

«አቪዬሽን 86.5 ሚሊዮን ሰው ቀጥሯል»

ኢንዱስትሪው ራሱ በ2024 ያወጣው ቁጥር ነው። ቀጥታ አቪዬሽን ውስጥ የሚሠሩት ግን 11.6 ሚሊዮን ናቸው። የቀረው ዕቃ አቅራቢው፣ ሠራተኞቹ ደሞዛቸውን ሲያወጡ የሚጠቀመው ሱቅ፣ በአውሮፕላን በመጣ ቱሪስት የሚተዳደረው ሁሉ ነው። ላሊበላ ላይ የሚያስጎበኘው ወጣት እዚህ ውስጥ ሊቆጠር ይችላል። ውሸት አይደለም፤ ቱሪስቱ ሲቀር እሱም ሥራ ይፈታል። ግን «ይደግፋል» የሚለው ቃል ወሬው ውስጥ ሲገባ «ቀጥሯል» ይሆናል።

«አየር መንገድ ብር ያትማል»

ትኬቱ ውድ ስለሆነ እንዲያ ይመስላል። በቅርብ ዓመታት የዓለም አየር መንገዶች ከአንድ መንገደኛ የሚተርፋቸው በአማካይ 7 ዶላር ገደማ ነው። በ2020 ብቻ ከ137 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስረዋል። በዚያ ዓመት የኛዎቹ የመንገደኛ አውሮፕላን ወንበር እየነቀሉ ካርጎ ጭነው ነው ያለፉት። እዚህ ላይ አጎቴ ይኩራ፣ ተገቢ ነው።

«በአውሮፕላን የሄደ አበባ ሁሉ ኃጢአት ነው»

የአክስቴ ልጅ ስቶክሆልም ውስጥ የአፍሪካ ጽጌረዳ መግዛት አቁማለች። በ2007 የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ የኬንያና የሆላንድን ጽጌረዳ አነጻጽሮ ነበር። የአውሮፕላኑ ጉዞ ተደምሮም የኬንያው የካርቦን ልቀት ከአምስት እጥፍ በላይ አንሶ ተገኘ። ሆላንድ ጽጌረዳው የሚያድገው በጋዝ በሚሞቅ፣ መብራት በበራበት ቤት ነው። ኬንያ ፀሐይዋ ነጻ ነው። የኛም እንደዚያው። በእርግጥ ጥናቱ አርጅቷል፤ ሆላንዶችም ማሞቂያቸውን እያሻሻሉ ነው።

ግን በዚህ ተደስተን አንሂድ። ካርቦኑን ሲለኩ የዝዋይን ሐይቅ ውኃ አልለኩም፤ ፀረ ተባዩንም፣ አበባ ስትለቅም የምትውለውን ልጅ ደሞዝም። እሷ ደግሞ አበባው ቢቀር ሥራዋን ታጣለች። አንዱ ሲለካ ሌላው ከሚዛን ይወርዳል።

«የኤርፖርት ጩኸት ቀንሷል»

በዲሲቤል (በድምፅ መለኪያው) አማካይ ከሆነ፣ ብዙ ቦታ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 የአውሮፕላን ድምፅ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ45 ዲሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። ግን አማካዩ ይሸውዳል። የበረራውን ቁጥር በግማሽ ብትቀንሱት አማካዩ የሚወርደው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ በ3 ዲሲቤል ዝቅ ያለ ሞተር ከመጣ ደግሞ በረራውን እጥፍ አድርጋችሁም ወረቀቱ ላይ ለውጥ አይታይም። የተኛ ሰው ግን የሚነቃው በአማካይ አይደለም፤ አንድ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ነው።

አጎቴ ቤት አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ማንም አይማረርም፤ ለምደነዋል። ስኒውን ይዞ ዝም ይልና ጆሮውን ወደ ጣሪያ ያቀናል። «ይሄ ድሪምላይነር ነው» ይላል። ከዚያ ካቆምንበት እንቀጥላለን። በዚያ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንዳቆምን የቆጠረ የለም።