«ድንበሩ ተዘጋ»ና ሌሎች እኛ ሰፈር የሚወሩ የስደት ወሬዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው ሁሉ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ሆኗል። አይፈረድበትም። ውጭ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ቲክቶኩም ሌት ተቀን ይጮኻል። ክፋቱ ወሬው ወሬ ሆኖ አይቀርም። እሱን ሰምቶ ባሕር ዛፉን የሚሸጥ፣ በሬውን ገበያ የሚያወጣ አባት አለ። እስቲ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። የአሜሪካኖቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ግንቡን ትራምፕ ሠራው፤ ድንበሩም ተዘጋ»

አጥሩ ትራምፕን ይቀድማል። የአሜሪካና የሜክሲኮ ድንበር ርዝመቱ 3,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትራምፕ በ2017 ሥልጣን ሲይዙ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ቆሞ ጠበቃቸው። የአጥሩን ሕግ በ2006 የፈረሙት ቡሽ ናቸው። ሴኔት ውስጥ እጃቸውን አውጥተው ከደገፉት መካከል ደግሞ ኦባማ፣ ሂላሪ ክሊንተንና ባይደን ይገኙበታል። ይህን ስናገር «አንተ ደግሞ!» የሚለኝ ይበዛል።

ደግሞስ ወረቀት የሌለው ሁሉ አጥር ዘሎ የገባ ነው ያለው ማነው? ቁጥሩ ቀላል የማይባለው በሕጋዊ ቪዛ ገብቶ፣ ቀኑ ሲያልፍ እዚያው የቀረ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተን ያረፈን ሰው የቴክሳስ አጥር ምን ያደርገዋል?

«ዴሞክራት ሲመጣ ይከፈታል፣ ሪፐብሊካን ሲመጣ ይዘጋል»

ይቺ ወሬ ብዙ ሰው አስቀምጣለች። «ቆይ ምርጫው ይለፍ» እያለ ዓመታት የሚቆጥር አውቃለሁ። መዝገቡ ግን ሌላ ነው የሚለው።

ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች በገፍ ሕጋዊ መኖሪያ የሰጠው የ1986ቱ ሕግ ነው። የፈረሙት ሬገን ናቸው፣ ሪፐብሊካን። 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተጠቅሞበታል። በ1996 ደግሞ ዴሞክራቱ ቢል ክሊንተን ከፈረሟቸው ሕጎች ሁሉ ለስደተኛ የሚመረውን ፈረሙ። ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ኖሮ የወጣ ሰው 3 ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ ደግሞ 10 ዓመት እንዳይመለስ የሚከለክለው ይኸው ሕግ ነው። በኦባማ ዘመን፣ በ2012 የበጀት ዓመት ብቻ፣ ከ400,000 በላይ ሰው ተባሯል። ኦባማን የወደደ የኛ ሰው ይህን መስማት አይፈልግም።

በ2013 ሁለቱም ፓርቲዎች ያሉበት ትልቅ የማሻሻያ ረቂቅ በሴኔት 68 ለ32 አለፈ። የተወካዮች ምክር ቤቱ ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ቀረ። ፕሬዚዳንት አፈጻጸሙን ሊያጠብቅና ሊያላላ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። መሠረታዊው ሕግ የሚቀየረው ግን ኮንግረስ ውስጥ ነው።

«ዋናው መግባት ነው፤ ከገባህ ጥገኝነት ጠይቀህ ወረቀት ታገኛለህ»

ብራዚል ድረስ በርሮ፣ ከዚያ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየንን ጫካ በእግሩ ለሚያቋርጥ ልጅ የሚሸጥለት ተስፋ ይህ ነው። ጥገኝነት የሚሰጠው በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆን ለሚሳደድ ሰው ነው። «ሥራ አጣሁ፣ ኑሮ ከበደኝ» ማለት እውነት ቢሆንም ከእነዚህ ውስጥ የለም። ማመልከቻው በመርህ ደረጃ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ትራምፕ በጥር 2025 ሥልጣን በያዙበት ዕለት ደግሞ በደቡቡ ድንበር ለሚገቡት ይህንኑ በር የሚዘጋ አዋጅ ፈርመዋል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተት ከርሟል። ሲቢፒ ዋን የሚባለው የቀጠሮ ማስያዣ አፕም አገልግሎቱ የቆመው በዚያው ቀን ነው። ዛሬ «በአፑ ቀጠሮ አስይዝልሃለሁ» የሚል ሰው ካለ ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እሺ፣ ልጁ ገባ እንበል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ትንሽ በምትመስል ነገር ነው፤ አድራሻ። መጀመሪያ ቨርጂኒያ የአክስቱ ልጅ ቤት ያርፋል። ወረቀቱ ላይ የእሷን አድራሻ ይሞላል። ከወራት በኋላ «እዚህ ሥራ አለ» ሲባል ሚኒሶታ ይሄዳል። የፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ቨርጂኒያ ይደርሳል። የአክስቱ ልጅም ቤት ቀይራ ይሆናል፣ ወይም ፖስታውን ማስታወቂያ መስሏት ጥላዋለች። ቀጠሮው ያልፋል፤ ዳኛውም በሌለበት እንዲባረር ይወስናል። አድራሻ ሲቀየር በ5 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ደላላው ይህን አይነግርም፤ የሱ ሥራ ድንበሩ ላይ አልቋል።

«ልጅ ከወለድክ አለቀ»

አላለቀም። ልጁ እዚያ በመወለዱ ዜጋ ይሆናል፤ ከ1868 ጀምሮ በሕገ መንግሥታቸው የኖረ ነው። ትራምፕ በ2025 ሊገድቡት ትዕዛዝ ቢፈርሙም ተከሰውበታል። ወላጅ ግን በልጁ በኩል ለማመልከት ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው መጠበቅ አለበት።

«ወረቀት የሌላቸው ግብር አይከፍሉም»

ይቺ የአሜሪካኖቹ ወሬ ናት፤ እኛም ተቀብለን እንደግማታለን። በአብዛኞቹ ግዛቶች ዕቃ የገዛ ሁሉ የሽያጭ ግብር ይከፍላል። ብዙዎቹም ከደመወዛቸው ለጡረታ ይቆረጥባቸዋል፤ ጡረታውን ግን አያዩትም። የምግብ ድጎማውም ለእነሱ አይደለም።

«ተፈናቃዮቹ በስደተኛ ኮታ አሜሪካ ይሄዳሉ»

ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ተስፋ ሲታለሉ ማየት ያናድዳል። በ1951ዱ (ይህም በፈረንጅ ነው) ዓለም አቀፍ ስምምነት ስደተኛ ለመባል ከአገር ውጭ መሆን ያስፈልጋል። ከወለጋ ተፈናቅሎ ባቄሎ የተጠለለ ሰው ምንም ያህል ቢከፋው ድንበር አልተሻገረም። ስለዚህ «ለኮታው ላስመዝግባችሁ» ብሎ ብር የሚሰበስብ ሰው የሚያስመዘግብበት መዝገብ የለውም።

«ሳዑዲ ብትያዝ ቢበዛ በነጻ ወደ አገርህ ትመለሳለህ»

እስካሁን የአሜሪካን ሳወራ ቆየሁ። ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የሚወጣው ልጅ ግን ትራምፕን የሚያውቀው በስልኩ ነው። የሱ መንገድ በጅቡቲ ነው፤ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በጦርነት መሃል ወደ ሳዑዲ። «ቢበዛ ይመልሱኛል» የሚለው ሒሳብ የመንን ይዘላል። እዚያ አጋቾች ሰውን ይዘው፣ እየደበደቡ ለቤተሰብ የሚያስደውሉበት ቦታ አለ። ባሕር ዛፉ ለመንገድ ተሸጦ ከነበረ ለማስለቀቂያ በሬው ይከተላል። መመለሱም ቢሆን በእስር ቤት በኩል ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ ሌላ አልያዙም ነበር።

በሕጋዊ መንገድ ለሚሄድ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ወጪን የጣለው አሠሪው ላይ ነው። የፓስፖርትና የጤና ምርመራ ዓይነቱን ሠራተኛው ይከፍላል። «የቪዛ» ብሎ እጁን የሚዘረጋ ኤጀንሲ ካጋጠማችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንቀጹን አሳየን በሉት።