የማገዶ የሙቀት ይዘት ምንድን ነው?

ፒያሳ ሁሌ የምቀመጥባት የጀበና ቡና ቦታ አለች። ቡና የምታፈላው ልጅ ምድጃው ላይ ከሰል ከመጨመሯ በፊት አንዷን ጉማጅ በእጇ መዘን ታደርጋታለች። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይሄ ቀሊል ነው። ወዲያው አመድ ይሆናል» አለችኝ። እሷ በእጇ የምትገምተውን በቁጥር የሚለካ ነገር አለ፤ የሙቀት ይዘት ይባላል።

አንድ ኪሎ ማገዶ ሙሉ በሙሉ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። የሚነገረው በሜጋጁል ነው፤ ይህ የሙቀት መለኪያ ሲሆን አንዱ ሜጋጁል 1,000 ኪሎጁል ነው። በአየር የደረቀ እንጨት 15 ገደማ አለው። ጥሩ ከሰል 30 ይጠጋል። ነጭ ጋዝ 43፣ የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 46 አካባቢ ናቸው።

የሚለካበት መሣሪያ ቦምብ ካሎሪሜትር ነው። የፈረንሳዩ ኬሚስት ማርሴላን በርተሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ዘዴ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ አሠራሩ ግልጽ ነው። አንድ ግራም የተፈጨ ከሰል ወፍራም የብረት ዕቃ ውስጥ ይገባል። በከባቢ አየር ግፊት 30 እጥፍ ገደማ ኦክስጅን ይሞላበትና ይታሸጋል። ከዚያ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ውስጥ ይነከራል። ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ሲግል ከሰሉ በቅጽበት ይነድዳል፤ ውሃው 3 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ሙቀቱ የሚሰላው ከዚያች 3 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትሩ የዲግሪን ሽርፍራፊ ማንበብ ያለበትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ 300 ኪሎጁል ያህል ይበቃዋል። ይህ 10 ግራም ከሰል ውስጥ ያለ ሙቀት ነው። አሥር ግራም! በሁለት ጣት የምትያዝ ጉማጅ ናት። ግን በእሷ ብቻ ውሃ ያፈላ ሰው የለም። 60 ግራም ከነደደ፣ ከስድስቱ አምስቱ እጅ ምድጃውን፣ አየሩንና ግድግዳውን አሞቀ ማለት ነው። ስለዚህ ማገዶ ለመቆጠብ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ምድጃውን ቢያይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበት አለ። ከማገዶው ውስጥ አንድ ኪሎ ውሃ ተኖ እስኪወጣ ብቻ ከ2 ሜጋጁል በላይ ይበላል። እርጥብ ከሰል በሚዛን ከገዛችሁ ለውሃውም ከፍላችኋል።

የቡናዋ ልጅስ? በኪሎ ከሄድን ቀሊሉም ከባዱም ከሰል ሙቀታቸው ብዙም አይራራቅም። እሷ ግን የምትገዛው በማዳበሪያ ነው። ቀሊል ከሰል የሞላው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ኪሎ ያንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ ያንሳል። ልክ ነበረች። አሁን አሁን ስትገዛ ሁለት ጉማጅ እያጋጨች ታዳምጣለች። በደንብ የከሰለው እንደ ብረት ቅጭል ይላል።