ክረምትና ካሜራ፦ ከቤት የሚያስቀሩን የተሳሳቱ አመለካከቶች

ክረምቱ ግም ሲል ብዙ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ጠቅልሎ ያስቀምጥና አደይ አበባ እስኪፈነዳ ይጠብቃል። ለዚህ የሚደረደሩት ምክንያቶች ግን አብዛኞቹ ውሃ የሚያነሱ አይደሉም።

«ደመና ብርሃኑን ይገድለዋል»

እውነታው የዚህ ግልባጭ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ፣ ነሐሴ መገባደጃ ላይ የቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ሰማዩ ጥርት ካለ የሰው ዓይን ሥር በጥላ ይጠቁራል፤ ደመና ግን ብርሃኑን አለዝቦ ፊት ላይ በእኩል ያዳርሰዋል። ፎቶውን የሚያበላሸው ነጭ ሆኖ የሚቀረው ሰማይ ነው። ስለዚህ ሰማዩን ከፎቶው አስወጡትና ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ። እንጦጦ ላይ ገና ለጋ የሆነ ባሕር ዛፍ ፈልጉ። ቅጠሉ ሰማያዊ ያዘለ ግራጫ ነው፤ ሰም የተቀባ ስለሚመስል ውሃ አይዘልቀውም፤ ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ይቆምና ነፋስ ሲነካው ይንከባለላል። በጋ ላይ ይህን ከየት ታመጡታላችሁ?

«ቀኑን ሙሉ ስለሚዘንብ ጊዜ አይገኝም»

ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ዝናቡ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ነው። ማለዳ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ውሃ ያቆረው ሣር፣ ከብቶቹና ጉሙ ይጠብቋችኋል።

«ካሜራዬ ይበላሻል»

ይህኛው ግማሽ እውነት አለው። ውሃ ይቋቋማል የተባለ ካሜራ እንኳ ሌንሱ የማይቋቋም ከሆነ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አንድ ፌስታል፣ አንድ ላስቲክ፣ ለሌንሱ የሚሆን ቀዳዳ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ቦርሳውን ወዲያው አትክፈቱ፤ አለዚያ መስታወቱ ላይ እንፋሎት ይቋጠራል። ከዝናቡ ይልቅ የሚያሰጋው ግን ቁም ሳጥኑ ነው። ጨለማና እርጥበት ባለበት፣ በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ የሚከርም ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡት። አሳዛኙ ነገር፣ ዝናብ ፈርቶ ካሜራውን የደበቀ ሰው ለሻጋታ አሳልፎ መስጠቱ ነው።

«መጀመሪያ ፍላጎቱ ይምጣ»

ሐምሌ ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝቶ ፍላጎት ሲመጣለት ያየ ሰው ካለ ይንገረን። ፍላጎት የሚመጣው እግር ጭቃ ከነካ በኋላ ነው። ስለዚህ ሥራውን አጥብቡት፦ ዛሬ ጠብታ ብቻ፣ ነገ የጭቃ መንገድ ብቻ። ቦቲ ጫማችሁን ማታውኑ በር ላይ አስቀምጡ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ከሰው ጋር መቀጣጠር ነው፤ ጓደኛ ጎህ ሲቀድ መንገድ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መቅረት ያሳፍራል።

«ቡሄ ይለፍና እንጀምራለን»

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል እንጂ ዝናቡ ነሐሴ 13ን ተሻግሮ መስከረም ውስጥ ይገባል። ደግሞስ ቡሄን ራሱን ለምን ታሳልፋላችሁ? በለገጣፎም ሆነ በሰበታ ዳርቻ ዱላ የያዙ ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ ከበር በር ሲዞሩ፣ የረጠበ መሬትና የችቦ ብርሃን አንድ ላይ ይገኛሉ። ለማንሳት ወላጆቻቸውን አስፈቅዱ፤ ልጆቹንም ያለ ሙልሙል አትሸኟቸው።