ምናባዊ ልብ ወለድና ፊልሙ፦ በወሎ የሚካሄደው የአድናቂዎች ክርክር

ምናባዊ ልብ ወለድ፣ ወጣቶቹ በአጭሩ «ፋንታሲ» የሚሉት፣ ጠንቋዮች፣ ዘንዶዎች፣ አስማት ያለባቸው ቀለበቶችና በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኙ መንግሥታት የሚኖሩበት የድርሰት ዘርፍ ነው። እንዲህ ያለ ድርሰት ወደ ፊልም በተመለሰ ቁጥር «ታሪኩን ጠብቆታል ወይስ አበላሽቶታል?» የሚለው ክርክር በየአገሩ ይነሣል። በወሎ፣ በተለይም በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ፣ ክርክሩ የራሱ መልክ አለው፤ ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ፊልሙን ያዩት መጽሐፉን ከማንበባቸው በፊት ነውና። ሌላ ቦታ አንባቢ ያነበበውን በፊልሙ ውስጥ ሲፈልግ፣ የደሴው ወጣት አስቀድሞ ያየውን በመጽሐፉ ውስጥ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ደግሞ አንዳንዴ የሚወቅሰው ደራሲውን ነው።

ፊልሞቹ የሚዛመቱት በአብዛኛው በሲኒማ ቤት ሳይሆን በፍላሽ ነው። በየመንገዱ ዳር ካሉ ሱቆች ፊልም ማስጫን የተለመደ ሲሆን፣ ተከታታይ ፊልም የሚወድ ሰው ሙሉውን «ሲዝን» በአንድ ጊዜ አስጭኖ ይሄዳል። መጻሕፍቱ ግን በዚያ ፍጥነት አይመጡም። የታተመው የእንግሊዝኛ ቅጂ ውድና ብርቅ በመሆኑ የሚነበበው በስልክ ላይ በፒዲኤፍ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው የተላለፈ ነው። (ስለ ደራሲው መብት በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ትንፍሽ የሚል የለም።) ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ፍላሽና በአካል የሚደረግ የቡና ላይ ጨዋታ ዋነኞቹ መንገዶች ሆነው ነበር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎቹ ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎችን ስለሚያገናኝ፣ በመኝታ ክፍሎች የሚደረገው ሙግት ከአካባቢው ወጣት ሙግት ጋር ይቀላቀላል።

በዚህ ላይ የትርጉም ፊልም ይጨመራል። የትርጉም ፊልም ተራኪ የገጸ ባሕርያቱን ንግግር ቃል በቃል አይመልስም፤ ድምፁን በፊልሙ ላይ ጭኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ያሳጥራል፣ ያዋዛል፣ ሲያሻውም ለባለ ታሪኮቹ ቅጽል ስም ያወጣል። ስለዚህ በአንድ ጀበና ዙሪያ ከተቀመጡ ሦስት ሰዎች አንዱ የሚያውቀው መጽሐፉን፣ ሁለተኛው ፊልሙን፣ ሦስተኛው ተራኪውን ሊሆን ይችላል። «እሱማ እንዲህ አላለም!» የሚለው ጩኸት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው። ይህን ጸሐፊ እንደሚመስለው፣ ከክርክሮቹ ገሚሱ ማን የትኛውን ቅጂ እንዳየ መጀመሪያ ቢጠየቅ ኖሮ ባልተነሣም ነበር።

ሆኖም ተከራካሪው ለተረት ባዳ አይደለም። በወሎ ገጠር ማታ ማታ ተረት የሚያወራ ሽማግሌ ታሪኩን እንደ አድማጩ ያስረዝማል ወይም ያሳጥራል፣ የሰፈሩን ስም ይቀይራል፣ ልጆቹ ሲያንቀላፉም ሁለት ጀብዱ ይዘላል፤ ይህን ማንም አይቃወምም። ቀበሮዋን ሞኝ፣ ጅቡን ብልህ ካደረገ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያቋርጡታል። ተረት ሰሚው ያደገበት ይህ ደንብ የፊልሙንም ዳኝነት ይገዛል። በመጽሐፍና በድምፅ መካከል ላለው ዝምድና ደግሞ ታላቁ መለኪያ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ ምናባዊ ሳይሆን የማኅበረሰብ ልብ ወለድ ቢሆንም፣ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሳያነቡት በጆሮ የጠገቡት እጅግ ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ የደሴ ሰዎች «ፊልም መጽሐፍን ያበላሻል» ሲባል ወጋየሁን ጠቅሰው ይከራከራሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ወጋየሁ ያነበበው የደራሲውን ቃል እንጂ አዲስ ድርሰት አልነበረም ብለው ይመልሱላቸዋል፤ ልጆቹ እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሥራ «ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ነው። ጄ. አር. አር. ቶልኪን የጻፈው ይህ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የታተመ ሲሆን፣ ኒውዚላንዳዊው ፒተር ጃክሰን ከ2001 እስከ 2003 በሦስት ፊልሞች አቅርቦታል። የመጨረሻው ፊልም 201 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን 11 የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። ይህን ያህል ርዝመት ኖሮትም ብዙ ነገር ተቆርጧል። ሰውን ሁሉ የሚያማልለው የአስማት ቀለበት ምንም የማያደርገው፣ በጫካ ዳር እየዘፈነ የሚኖረው ቶም ቦምባዲል በፊልሞቹ ጨርሶ የለም፤ መጽሐፉን ያነበቡ ይቆጫሉ እንጂ አይቆጡም፣ ታሪኩ ያለ እሱም ይሄዳልና። የጦር አዛዡ ፋራሚር ላይ ሲደረስ ግን ድምፅ ከፍ ይላል። በመጽሐፉ ፋራሚር ቀለበቱ በእጁ ሊገባ ሲችል ሳያመነታ የሚተወው ሰው ነው፤ በ2002ቱ ፊልም ግን ቀለበቱን የተሸከመውን ፍሮዶን ይዞ ለአባቱ ሊወስደው ይነሣና ኦስጊሊያት የተባለችው ከተማ ከደረሰ በኋላ ነው ሐሳቡን የሚለውጠው። የፊልሙ ደጋፊዎች «ሁሉን የሚያማልል ቀለበት አንዱን ሰው ዝም ብሎ ካለፈው ማን ይፈራዋል?» ይላሉ፤ ክርክራቸው ውሃ የሚያነሣ ነው። ተቃዋሚዎቹም አንድ ጨዋ ሰው መኖሩን ማሳየት የደራሲው ዓላማ እንደነበር ያስረዳሉ።

ከተቆረጡት ሁሉ በወሎ አንባቢ ላይ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ አራቱ ሆቢቶች፣ ማለትም ቁመተ አጭር የሆኑት የታሪኩ ጀግኖች፣ ከጦርነቱ ወደ መንደራቸው ሲመለሱ ዛፎቹ ተቆርጠው፣ ቤቶቹ ፈርሰው፣ ወገኖቻቸው በጉልበተኞች ተይዘው ያገኛሉ፤ መንደሩን ነጻ የሚያወጡትም ራሳቸው ናቸው። ፊልሙ ይህን ሙሉ በሙሉ ትቶ መንደሩን እንደ ነበረ ለምለም አድርጎ ያሳያል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ እጅግ ብዙ ነዋሪ ተፈናቅሎ፣ ከሳምንታት በኋላ ወደ ተዘረፈ ቤትና ሱቅ የተመለሰበትን ጊዜ ያየ ሰው ይህን ምዕራፍ እንደ ተጨማሪ ጀብዱ ሊያነበው አይችልም። መቁረጥ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው ለሚሉ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አይገኝም፤ የተቆረጠው ገጽ ትንሽ ቢሆንም ጦርነት የሚያልቀው የት ላይ ነው ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ተለውጧል።

በሃሪ ፖተር ላይ ያለው ክርክር ቀለል ይላል። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 ያሳተመቻቸው ሰባት መጻሕፍት ከ2001 እስከ 2011 ስምንት ፊልሞች ሆነዋል፤ ሰባተኛው መጽሐፍ ለሁለት ተከፍሏል። በ2005ቱ ፊልም የጠንቋዮች ትምህርት ቤት ኃላፊው ዱምብልዶር የተማሪው የሃሪ ስም ተወዳዳሪዎችን ከሚመርጠው የእሳት ጽዋ ሲወጣ ተንደርድሮ ልጁን ጨምድዶ ይዞ ይጠይቀዋል፤ በመጽሐፉ ግን በእርጋታ ነው የሚጠይቀው። ይህች የጥቂት ሰከንድ ትዕይንት በዓለም ዙሪያ የአድናቂዎች መሳለቂያ ሆናለች፤ ደሴም ደርሳለች። የታላቅ ሰው ክብር በዝግታው በሚለካበት አካባቢ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ተማሪ ሲያንቁ ማየት እንዴት እንደሚያስገርም መገመት አያዳግትም። በአንዳንድ ቤተሰብ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ቢሆን፣ ክርክሩ ከዚህ አስቀድሞ ይቆማል፤ ጥንቆላን የሚያስተምር ነገር ቤት አይገባም ይባላልና።

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ግን ሌላ ዓይነት ችግር ያመጣል። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በስምንት ሲዝን ሲተላለፍ፣ የጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛ መጽሐፍ በ2011 ከወጣ በኋላ ስድስተኛው ስላልተከተለ ፊልሙ ደራሲውን ቀድሞት አለፈ። በመጨረሻው ሲዝን የተናደደ ተመልካች መጽሐፉን ገልጦ ለማመሳከር ቢሻ የሚገልጠው ገጽ የለም።

ብዙም የማይነሣው፣ መነሣት ግን የነበረበት፣ የኡርሱላ ለጉዊን «ኧርዝሲ» ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ዋናው ባለ ታሪክ ጌድ ቆዳው ቀይ ዳማ ሲሆን፣ በዚያ ዓለም ከሚኖሩት ሰዎች አብዛኞቹም ነጮች አይደሉም። በ2004 በአሜሪካ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ግን ጌድን ነጭ ተዋናይ ተጫወተው፤ ደራሲዋም ይህን በአደባባይ ተቃወመች። መልኩ እነሱን የሚመስል ጀግና በምናባዊ ድርሰት ውስጥ መኖሩን ፊልሙን ብቻ ያዩ ሰዎች የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም። ስለ ፋራሚር አመልና ስለ ዱምብልዶር ቁጣ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሟገት የኢትዮጵያ ወጣት ይህን አለማንሣቱ ይገርማል፤ መጽሐፉ በየስልኩ ቢገኝ ኖሮ ከሁሉ የሚቀድመው ክርክር ይህ በሆነ ነበር።

በቅርብ ዓመታት የፊልም ሠሪዎች መፍትሔ ድርሰቱን ወደ ተከታታይ ፊልም ማዞር ሆኗል። ፐርሲ ጃክሰን የተባለው ምናባዊ ድርሰት እ.ኤ.አ. በ2010 ለሲኒማ ከተሠራ በኋላ በ2023 መጨረሻ እንደ ተከታታይ ፊልም እንደገና መጥቷል፤ ሃሪ ፖተርም በዚሁ መልክ እንደሚሠራ በ2023 ተገልጿል። የሰዓት ጥበት ከጠፋ ታማኝነት ይመጣል የሚለው ተስፋ በአድናቂዎች ዘንድ ሰፊ ነው። የቶልኪን ሌላው ድርሰት «ዘ ሆቢት» ግን በተቃራኒው ይመሰክራል፦ በ1937 የታተመው አንድ የልጆች መጽሐፍ ከ2012 እስከ 2014 በሦስት ረጃጅም ፊልሞች ሲቀርብ፣ የተረፈውን ሰዓት ለመሙላት በመጽሐፉ ውስጥ ያልነበረች ተዋጊትና ያልነበረ የፍቅር ታሪክ ተጨመረበት።