ፀጉር ሲረግፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ፀጉር መርገፍ የሚወራው አንድ በሽታ እንደሆነ ተደርጎ ነው፤ መፍትሔውም አንድ ቅባት ወይም አንድ ክኒን ይመስላል። በዚህ ስም ሥር ግን በመንስኤም፣ በሕክምናም፣ በመዳን ዕድልም ፈጽሞ የማይገናኙ በርካታ ችግሮች ተደባልቀዋል። አንዳንዶቹ ያለ ምንም ሕክምና ጊዜያቸውን ጠብቀው ያልፋሉ፤ ሌሎቹ ለዓመታት ክትትል ይፈልጋሉ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ቶሎ ካልተደረሰባቸው ፀጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ጥለው ይሄዳሉ። ቀጥሎ የሚነሱት የተሳሳቱ አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ መደባለቅ ነው።

«ፀጉሬ ከነሥሩ እየተነቀለ ስለሆነ ተመልሶ አይበቅልም።»

ማበጠሪያ ላይ የቀረውን ፀጉር ወደ ብርሃን አስጠግቶ ለሚያየው፣ በአንደኛው ጫፉ ላይ ነጭና ትንሽ እብጠት ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሥሩ መስሎት ይደነግጣል። ፀጉሩን የሚያበቅለው ክፍል ግን ቆዳው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ነጩ ጫፍ የሚናገረው ፀጉሩ ዕድገቱንና ዕረፍቱን ጨርሶ መውጣቱን ብቻ ነው። እያንዳንዱ የራስ ፀጉር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያህል ያድጋል፣ ለጥቂት ሳምንታት ዕድገቱን ያቆማል፣ ለ3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ከዚያም ረግፎ ቦታውን ለአዲስ ይለቃል። ራስ ላይ ካለው ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር ውስጥ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ ጤናማ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚታጠብ ሰው በዚያ ቀን ብዙ ፀጉር ቢያይ ያየው የሳምንቱን ክምችት ነው፤ ሻምፖውም ውሃውም ጥፋት የለባቸውም። ሊያሳስብ የሚገባው ከወትሮው በግልጽ የጨመረ መርገፍ፣ እየሰፋ የሚሄድ የፀጉር መከፈያ መስመር፣ ወይም ጨርሶ የተራቆተ ቦታ ነው።

«ያረገፈው ሰሞኑን የቀየርሁት ቅባት ነው።»

ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይደለም። ከባድ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ ወይም ብርቱ የአእምሮ ጭንቀት በማደግ ላይ የነበሩ ብዙ ፀጉሮችን በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ያስገባቸዋል። ዕረፍቱ ወራት ስለሚፈጅ መርገፉ የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ዘግይቶ፣ ሰውየው ድኖ ሥራው ላይ ከተመለሰና ሕመሙን ከረሳ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ጥፋቱ በአጠገብ በተገኘው ነገር ላይ ይጣላል። አራስ እናቶች ጡት ማጥባታቸውን ሲወቅሱ የሚሰማውም ለዚህ ነው። እውነታው ግን በእርግዝና ወቅት ከፍ ያለው ሆርሞን መርገፍ የነበረበትን ፀጉር አቆይቶት ነበር፤ ከወሊድ በኋላ ሆርሞኑ ሲወርድ የዘገየው ሁሉ አንድ ላይ ይረግፋል። ጡት ማስጣል የሚመልሰው አንዳች ነገር የለም።

እንዲህ ያለው መርገፍ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ይቆማል፤ ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚያድግ ግን የቀድሞው ርዝመትና ሙላት እስኪመለስ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ካልቆመ የብረት ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባት በደም ምርመራ ሊታዩ ይገባል።

«ራሰ በራነት ከእናት ወገን ብቻ የሚወረስ የወንዶች ጉዳይ ነው።»

ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚወርሰው ኤክስ ክሮሞሶም ላይ አንድ ከፍተኛ ድርሻ ያለው ዘረ መል መኖሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ከአባትም ከእናትም የሚመጡ ሌሎች ብዙ ዘረ መሎች አሉበት። ሴቶችም በዚሁ ችግር ይጠቃሉ፤ እነርሱ ላይ ግን የግንባሩ መስመር እንዳለ ሆኖ መሐሉ እየሳሳ ይሄዳል። የወንድ ሆርሞን ስለበዛ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም፤ መጠኑ እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ሳለ የፀጉሩ ከረጢት፣ ማለትም ቆዳው ውስጥ ሆኖ ፀጉሩን የሚያበቅለው ክፍል፣ ለሆርሞኑ ያለው ስሜት ከፍ ስላለ ነው።

«ላሽ ከፀጉር ቤት የሚጋባ በሽታ ነው።»

ይህ አመለካከት በሽተኛውን ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል፤ ፀጉሩን ያጣል፣ ሰውም ይሸሸዋል። በራስ ወይም በጢም ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚራቆተው፣ ቆዳው ለስላሳ የሆነው ላሽ የሚመጣው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት የራሱን የፀጉር ከረጢት ሲያጠቃ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በክቡ ዳር ቀረብ ብሎ ለሚመለከት፣ ወደ ቆዳው በቀረቡ ቁጥር የሚቀጥኑ አጫጭር ፀጉሮች ይታያሉ፤ ጥፍር ላይም ጥቃቅን ጉድጓዶች ሊኖሩ ይችላሉ። ከረጢቱ ስላልሞተ ፀጉሩ ሊመለስ ይችላል፤ ጥቂት ክቦች ብቻ ያሉባቸው ብዙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ሕክምና ይሻላቸዋል፤ ተመልሶ ሊመጣ መቻሉን ግን ማወቅ ይበጃል። መጀመሪያ ነጭ ሆኖ የሚበቅል ፀጉር አያስደንግጥ፤ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ኋላ ይመጣል። ለከባዱ ዓይነት ባሪሲቲኒብ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት በ2022 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለጸደቀ «መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል ጊዜው አልፎበታል።

የሚተላለፈው ቆረቆር ነው። በፈንገስ የሚመጣ፣ በተለይ ሕፃናትን የሚይዝ፣ ቅርፊትና የተሰበረ ፀጉር የሚታይበት፣ ብዙ ጊዜም የሚያሳክክ ነው። በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

«ጠበቅ ያለ ሹሩባ ፀጉርን ያሳድጋል።»

ካሉት ሁሉ ብርቱ ጉዳት የሚያደርሰው ምናልባት ይህኛው ነው። ሲጎነጎን የሚያም፣ ግንባርን ወደ ኋላ የሚስብ፣ በሥሩ ትንንሽ ብጉር የሚያወጣ ሹሩባ ፀጉሩን እየነቀለው እንጂ እያሳደገው አይደለም። በመጀመሪያ የሚሳሳው የግንባሩና የጆሮ ግንዱ ዳር ነው። በዚህ ደረጃ አሠራሩን ማላላት ብቻ ፀጉሩን ሊመልሰው ይችላል፤ መጎተቱ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ከረጢቱ በጠባሳ ይተካል፣ ቆዳውም ቀዳዳ የሌለው አንጸባራቂ ይሆናል። እንዲህ በሆነ ቦታ ላይ የትኛውም ቅባት ፀጉር አያበቅልም። ከዳር ሳይሆን ከአናት ጀምሮ ወደ ዙሪያው የሚሰፋና የሚያቃጥል መሳሳት ያየች ሴትም ሳትዘገይ የቆዳ ሐኪም ልታማክር ይገባል፤ በስፋት ጠባሳ ከሚተዉት የፀጉር መርገፍ ዓይነቶች አንዱ በዚህ መልክ ይጀምራልና።

«መላጨት ፀጉርን ያወፍራል።»

አያወፍርም። ምላጭ የሚደርሰው ከቆዳ በላይ ያለውን የሞተ ክፍል ነው፤ ጫፉ ደልዶሞ ስለሚበቅል ብቻ ወፍራም ይመስላል።

«ቫይታሚን ቢበዛ አይጎዳም።»

ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን እጥረት ብርቅ ነው፤ እጥረት ለሌለበት ሰው ክኒኑ ፀጉር እንደሚያበቅል አጥጋቢ ማስረጃ የለም። በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ደግሞ የታይሮይድ መዛባትንና ድንገተኛ የልብ ሕመምን የሚለዩ የደም ምርመራዎችን ውጤት ሊያዛባ ይችላል፤ ስለዚህ የሚወስድ ሰው ደም ከመስጠቱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ቫይታሚን ኤ እና ሴሌኒየም የተባለው ማዕድን ከልክ ሲያልፉ ራሳቸው ፀጉር ያረግፋሉ።

«ሚኖክሲዲል ቀባሁ፣ ባሰብኝ።»

ፀጉር ለማብቀል ራስ ላይ የሚቀባው ይህ መድኃኒት ሲጀመር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገፉ ሊጨምር ይችላል፤ ያረፉት ፀጉሮች ለአዲሶቹ ቦታ ሲለቁ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያቆመው ልክ በዚህ ጊዜ ነው። ውጤቱ ቢያንስ ከ4 ወር በፊት አይመዘንም። በዘር ለሚመጣው መሳሳት ሲወሰድ ግን ማቆም ማለት የተገኘውን በወራት ውስጥ ማጣት ማለት ስለሆነ፣ ሲጀመርም ይህን አውቆ መጀመር ይሻላል። በዘር ለሚመጣው የወንዶች መሳሳት የሚዋጠውን ፊናስተራይድ የተባለ መድኃኒት በተመለከተ ነፍሰ ጡር ሴት ልትወስደው ቀርቶ የተሰባበረውን ክኒን ልትነካ አይገባም።

«ሁሉም የካንሰር ሕክምና ፀጉር ያረግፋል፤ የረገፈውም አይመለስም።»

እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጨርሶ ያራቁታል፣ አንዳንዱ እምብዛም አይነካም። የሚያረግፈው ብዙውን ጊዜ ሕክምናው በተጀመረ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ካበቃ በኋላ በጥቂት ወራት ፀጉሩ በአብዛኞቹ ላይ ይመለሳል፤ ለጊዜው ከቀድሞው የተለየ መልክ ወይም ጥቅልልነት ሊኖረው ይችላል።

«የመልክ ጉዳይ ነው፤ ይህን ያህል አያስጨንቅም።»

ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ የረገፈ ሰው ላብና አቧራ በቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ይገባበታል፤ የአፍንጫ ፀጉሩን ያጣ ሰው አፍንጫው ሳይታሰብ ይፈስበታል፤ የተራቆተ ራስ በፀሐይ ይቃጠላል። በዚህ ላይ ኀዘኑና ከሰው መሸሹ ሲታከል፣ «ምን አለበት» የሚለው ማጽናኛ ማቃለል ነው። መፍትሔው የግድ ፀጉሩን መመለስ ላይሆን ይችላል፤ ጨርሶ መላጨትም፣ ሻሽ ማሰርም፣ ዊግ ማድረግም እኩል የተከበሩ ምርጫዎች ናቸው። ዊግ ፀጉሩን አፍኖ ዕድገቱን ይከለክላል የሚለውም ስጋት መሠረት የለውም፤ ከረጢቱ ኦክስጅን የሚያገኘው ከደም ነው። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ዳር ዳሩን ከሚጎትት ማጣበቂያና መቆንጠጫ ነው።